ውሉ ሳይፈረም ማሳው አይነካ፦ አሜሪካ ገጠር ውስጥ የአፈር ጥበቃ ድጎማ እንዴት ይወሰዳል

አሜሪካ ገጠር ካውንቲ ውስጥ መሬት ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ የምታርሱ ከሆነ፣ ጅረት ዳር ሣር ስለተከላችሁ፣ የሚሸረሸር ተዳፋት ከእርሻ ስላሳረፋችሁ፣ ራቁቱን የሚከርመውን ማሳ በአጃ ወይም በራይ ስለሸፈናችሁ መንግሥት ይከፍላችኋል። ክፍያው ችሮታ ሳይሆን ውል ነው፤ እናንተ አንድ ሥራ በተወሰነ ልክና ጊዜ ለመሥራት ትፈርማላችሁ፣ መንግሥት ደግሞ ለመክፈል። አገር ቤት በበጋ የእርከን ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሥራው እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ የሚሆንበት ወረቀቱ ነው፤ ገንዘቡ የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ውሉ በሁለቱም ወገን ሳይፈረም ሥራ አትጀምሩ። አጥር አትትከሉ፣ ላስቲክ አትግዙ፣ ሣር አትዝሩ። ከፊርማ በፊት ለተጀመረ ሥራ አይከፈልም። በጣም የሚያስቸኩል ነገር ቢገጥም አስቀድሞ መጀመርን የሚፈቅድ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን ሥራው ሳይጀመር መገኘት አለበት፣ ውል እንደምታገኙም ዋስትና አይሆንም። «ማመልከቻ አስገብቻለሁ» ማለት ውል አለኝ ማለት አይደለም። «ባለሙያው መጥቶ አይቶልኛል» ማለትም አይደለም።

የትኛው ፕሮግራም ለእናንተ ይሆናል?

ሲ.አር.ፒ የሚባለው በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የእርሻ ሕግ የተጀመረ ሲሆን ሐሳቡ መሬትን ማሳረፍ ነው። ለመሸርሸር የተጋለጠውን ወይም ውሃ ዳር ያለውን ማሳ ከ10 እስከ 15 ዓመት ከሰብል ታወጡታላችሁ፣ ቋሚ ሣር ወይም ዛፍ ትተክሉበታላችሁ፣ በየዓመቱ በኤከር የኪራይ ክፍያ ታገኛላችሁ። (አንድ ኤከር ከ0.4 ሄክታር ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ጥማድ ተኩል ግድም ነው።) ለተከላው ከወጣው ወጪም እስከ ግማሹ ይሸፈናል። ብዙዎች የሚሰናከሉት ቅድመ ሁኔታው ላይ ነው። በ2018ቱ የእርሻ ሕግ መሠረት ሰብል ይታረስበት የነበረ መሬት ተብሎ ለመቆጠር ከ2012 እስከ 2017 ባሉት ስድስት ዓመታት ቢያንስ አራቱን የተዘራበት መሆን አለበት። ዘመኑን ሁሉ ግጦሽ ወይም ጫካ ሆኖ የኖረ መሬት ገዝታችሁ «አሳርፈዋለሁ» ብትሉ በዚህ በር አትገቡም። ለግጦሽ መሬት የተለየ የሲ.አር.ፒ ክፍል አለ፤ እሱን ለይታችሁ ጠይቁ። ባለንብረት የሆነ አመልካች መሬቱን ቢያንስ ለ12 ወራት በስሙ ይዞ መቆየትም ይጠበቅበታል።

ኢክዊፕ ደግሞ እርሻው እየሠራ የሚደገፍበት ነው። ሃይ ተነል የሚባለው የላስቲክ ቤት፣ የጠብታ መስኖ፣ አጥር፣ የከብት ውሃ ማጠጫ፣ የሽፋን ሰብል፣ ቦረቦር የሚያረጋጋ የሣር ቦይ፣ እርከን፣ ሁሉም እዚህ ይገኛሉ። በአምስትና በአሥር ኤከር ላይ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም ለሚያመርት ወይም በግና ፍየል ለሚያረባ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ይኼ ነው። ሲ.ኤስ.ፒ የሚባለው ሦስተኛው ቀድሞውኑ መሬቱን በደንብ ይዞ ለቆየና የበለጠ ለማሻሻል ለሚፈልግ የአምስት ዓመት ውል ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ኢክዊፕን አስቀድሙ።

ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ጣሪያ ስር

በካውንቲያችሁ ወይም በአጎራባቹ የእርሻ ሚኒስቴሩ የአገልግሎት ማዕከል አለ። ውስጡ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉ። ኤፍ.ኤስ.ኤ መዝጋቢው ነው፤ የእርሻ ቁጥርና የማሳ ቁጥር የሚሰጠው፣ ሲ.አር.ፒን የሚያስተዳድረው፣ ክፍያ የመቀበል ብቁነታችሁን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ኤን.አር.ሲ.ኤስ የአፈርና የውሃ ባለሙያው ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የሜዳማዎቹ ክፍላተ አገር አፈር በነፋስ እየተነሳ ሰማዩን ባጠቆረበት ዘመን የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ነው፣ ስሙ የተለወጠው በ1994 ነው። ማሳ ድረስ መጥቶ የሚያየው፣ ዕቅዱን የሚያወጣው፣ ኢክዊፕንና ሲ.ኤስ.ፒን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አንደኛው ጋ መመዝገብ ለሌላው አይበቃም። ቀጠሮ ስትይዙ «የእርሻ ቁጥር የለኝም፣ ለመመዝገብም ስለ ኢክዊፕ ለመነጋገርም ነው የምመጣው» በሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያገናኟችሁ ይችላሉ።

በመጀመሪያው ቀን ይዛችሁ የምትሄዱት፦ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ድርጅት ከሆናችሁ የግብር መለያ ቁጥሩና የመመሥረቻ ሰነዱ፣ የመሬቱ የባለቤትነት ሰነድ ወይም የኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ የሚያስተረጉም ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአሥር ዓመት ውል ቃል ሊያስተረጉም አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ለይቶ የሚያደናቅፍ ነገር አለ፤ ስም። የገቢ ማረጋገጫው ቅጽ ሲ.ሲ.ሲ-941 ይባላል። የሦስት ዓመት አማካይ ገቢያችሁ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ ትፈርማላችሁ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ከመዝገቡ ጋር እንዲያመሳክረውም ትፈቅዳላችሁ። ቅጹ ላይ ያለው ስም የግብር ማስታወቂያው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ይመለሳል። የእኛ ስም ደግሞ መንጃ ፈቃድ ላይ አንድ፣ ግሪን ካርድ ላይ ሌላ፣ የመሬት ሰነዱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ገብቶ ሌላው ላይ ይቀራል፣ አንድ ፊደል ይደገማል፣ አንዱ ይዘለላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ልዩነት ካለ ቅጹን ግብር በምትከፍሉበት ስም ሙሉ፣ ሌላውን ለማስተካከል ምን እንደሚያስፈልግ መዝጋቢውን ጠይቁ። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም መያዛችን ለቢሮው ሠራተኛ ግልጽ ላይሆን ስለሚችል የጋብቻ ወረቀት መያዝ አይጎዳም።

ሌላው መሬትን በማኅበር መግዛት ነው። ሦስት አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ኤል.ኤል.ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር) አቋቁመው ከገዙ፣ የእያንዳንዱ አባል ድርሻ በመቶኛ ይመዘገባል፣ እያንዳንዱም የየራሱን 941 ይፈርማል። አንዱ ካልፈረመ ክፍያው በድርሻው ልክ ይቀነሳል፤ 25 በመቶ ያለው ሰው ወረቀቱን ሳይሞላ አዲስ አበባ ከሄደ ከ8,000 ዶላር ላይ 2,000 ዶላሩ ይቀራል። የማይገኝ ሰው ካለ እዚያው ቢሮ የሚገኘውን የውክልና ቅጽ፣ ኤፍ.ኤስ.ኤ-211ን፣ ከመሄዱ በፊት ይሙላ። ለገቢ ማረጋገጫው ውክልናው ይሠራ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

ኤ.ዲ-1026 የሚባለውን ቅጽ ሳታነቡ አትፈርሙ። በእሱ የምትገቡት ቃል ሁለት ነው፤ በቀላሉ የሚሸረሸር ተብሎ የተመደበ መሬት ያለ ጥበቃ ዕቅድ አናርስም፣ ረግረግ አድርቀን ሰብል አንዘራም። አዲስ መሬት የገዛ ሰው ጥጉ ላይ ያለችውን ውሃ የምታቁር ቦታ በቦይ አጠንፍፎ ማሳ ማድረግ ያምረዋል። ያቺ ግማሽ ኤከር በሕግ ረግረግ ከሆነች ግን የሚጠፋው የእሷ ክፍያ ብቻ አይሆንም፤ በሌሎች ማሳዎች ላይ የምታገኙት ድጎማና የሰብል ኢንሹራንስ ድጋፍም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቦይ ከመቆፈር፣ ጉቶ ከመንቀል በፊት ውሳኔ እንዲሰጣችሁ በዚሁ ቅጽ ጠይቁ።

ተከራይ ከሆናችሁ መሬቱን ውሉ እስኪያልቅ እንደምትይዙት ማሳየት አለባችሁ። የአንድ ዓመት የቃል ኪራይ ይዞ የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው የላስቲክ ቤት መትከል አይቻልም። ባለመሬቱ ግንባታውን እንደፈቀደ በጽሑፍ ይፈርም፤ የኪራዩ ዘመንም የሥራውን ዕድሜ የሚሸፍን ይሁን። አጥር በኤን.አር.ሲ.ኤስ ደረጃ የ20 ዓመት ዕድሜ ነው የሚሰጠው፣ ይህን ከባለመሬቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ማመልከቻው እንዴት ይመዘናል?

የኢክዊፕ ማመልከቻ ኤን.አር.ሲ.ኤስ-ሲ.ፒ.ኤ-1200 የሚባል አጭር ቅጽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይቀበሉታል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍለ አገር የመቁረጫ ቀን ያወጣል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የገባው ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ስለሆነ በበጋው ወራት፣ ጁላይና ኦገስት ላይ፣ መመዝገብን የመሰለ የለም። ባለሙያው ማሳውን እንዲያይ፣ የእርሻ ቁጥሩ እንዲወጣ፣ 941ዱ ተመሳክሮ እንዲመለስ ሳምንታት ይፈጃል።

ነጥብ የሚያስገኘው ያለባችሁ ችግር ክብደትና የመፍትሔው ጥንካሬ ነው። ባለሙያው ሲመጣ የተጌጠውን ማሳ ሳይሆን የተጎዳውን አሳዩት። ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚሰበሰብበትን፣ አፈሩ ታጥቦ አጥር ስር የተከመረበትን፣ ከብቱ ጅረት ውስጥ ገብቶ ዳሩን የናደበትን ፎቶ አንስታችሁ አቆዩት። «ሃይ ተነል እፈልጋለሁ» ከማለት «አፈሬ ይታጠባል፣ ውሃ ይባክናል» ብሎ መጀመር ይሻላል፤ ፕሮግራሙ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን መፍትሔ ነው።

እርሻ ከጀመራችሁ ከ10 ዓመት ያልበለጠ ከሆነ፣ ወይም ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ፣ ወይም በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገላችሁ ከሆናችሁ ተናገሩ። የመደበኛው ክፍያ እስከ ወጪው ግምት 75 በመቶ ሲደርስ ለእነዚህ እስከ 90 በመቶ ይወጣል፤ ዕቃ ለመግዛትም ቢያንስ ግማሹን በቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል። የቅድሚያው ገንዘብ ግን በ90 ቀን ውስጥ ለታለመለት ሥራ መዋል አለበት፣ ደረሰኙም ይጠየቃል። በዘርና በጾታ ላይ የተመሠረተውን ምድብ ሚኒስቴሩ በጁላይ 2025 ስላስቀረው ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ይዛችሁ አትከራከሩ።

የሲ.አር.ፒ አሠራር ለየት ይላል። አጠቃላዩ ምዝገባ ጨረታ ነው። ለመሬታችሁ የሚሰጠው ከፍተኛ ኪራይ የሚሰላው ባቀረባችሁት ማሳ ላይ በብዛት ከሚገኙት ሦስት የአፈር ዓይነቶች ሲሆን፣ የ2018ቱ ሕግ ደግሞ የካውንቲውን አማካይ 85 በመቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሆነው ምዝገባ 90 በመቶ ላይ ገድቦታል። ማሳችሁን በካርታ ስትከልሉ ለም የሆነውን ጥግ አስገብታችሁ ዋጋ ለማስወደድ አትሞክሩ፤ የሚሸረሸረውን ለብቻው ብታቀርቡ የአካባቢ ጥቅም ነጥቡ ይጨምራል፣ ለሙን ደግሞ ታርሱታላችሁ። ከከፍተኛው ዋጋ ትንሽ ዝቅ ብሎ መጫረት ነጥብ ያስገኛል። ለዱር እንስሳት የሚሆን ብዙ ዓይነት የአገሬው ሣርና አበባ መምረጥም እንዲሁ፣ ግን ዘሩ ውድ ነውና ወጪውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ጅረት ዳር የሚዘራ የሣር ቀበቶ፣ ሲ.ፒ-21 የሚባለው፣ ጨረታ የለበትም፤ ብቁ ከሆናችሁ ትገባላችሁ። ለአንድ ሰው በዓመት የሚከፈለው የሲ.አር.ፒ ኪራይ ከ50,000 ዶላር አይበልጥም።

ሥራው ላይ የሚበላሹ ነገሮች

የኢክዊፕ ክፍያ በደረሰኝ አይደለም፤ በክፍለ አገሩ ተመን ነው፣ በካሬ ጫማ፣ በጫማ ርዝመት፣ በኤከር። በርካሽ ከሠራችሁ ልዩነቱ የእናንተ ነው፣ ከተወደደባችሁም ጉዳቱ የእናንተ ነው። ውሉ 30 በ72 ጫማ የላስቲክ ቤት ካለ 2,160 ካሬ ጫማ ነው። ሻጩ «60ውን ውሰድ፣ ቅናሽ አለው» ብሎ 30 በ60 ብትተክሉ 1,800 ሆነ። የሚከፈለው በተተከለው ልክ ነው፤ አንሶ ከተገኘም ውሉ እስኪሻሻል ክፍያው ይቆማል። መጠን መለወጥ ካስፈለገ ከመግዛታችሁ በፊት ውሉ ይሻሻል። ላስቲኩ ቢያንስ 6 ሚል (አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ያለው፣ ፀሐይ የሚቋቋም የግሪን ሃውስ ላስቲክ ይሁን፤ ተራ የግንባታ ላስቲክ በአንድ በጋ ይሰነጠቃል፣ ተቆጣጣሪውም አይቀበለውም። ሰብሉ መሬቱ ላይ መብቀል አለበት፣ በማሰሮ የተደረደረ ችግኝ አይቆጠርም። ትራክተር ማቆሚያ፣ ድርቆሽ ማከማቻ፣ የበግ ጋጣ ማድረግም ውል ማፍረስ ነው። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ የት እንደምትመሩት ቀድማችሁ አስቡ፤ ጎኑ ላይ ቦይ ካልተቆረጠለት በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ውሃው መሠረቱ ስር ገብቶ መደቡን ያጥለቀልቀዋል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ቢያንስ አንዱ ሥራ በ12 ወር ውስጥ መጀመር አለበት። ሥራው ሲያልቅ ሲ.ፒ.ኤ-1245 የሚባለውን የክፍያ ጥያቄ ትፈርማላችሁ፣ ባለሙያው መጥቶ ይለካል፣ ገንዘቡ ባንክ ይገባል። የሚሸፈን ቱቦ ካለ አፈር ሳይመለስበት ደውሉ፤ የተቀበረ ነገር ሊለካ አይችልም።

ሣር መዝራት ቀላል ይመስላል፣ የሲ.አር.ፒ ማሳ የሚከሽፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ዕቅዱ የሚያዘው በ«ንጹሕ ሕያው ዘር» ክብደት እንጂ በከረጢቱ ክብደት አይደለም። የከረጢቱን መለያ አንብቡ። ንጽሕናው 90 በመቶ፣ የመብቀል አቅሙ (የተኛውን ዘር ጨምሮ) 80 በመቶ ከሆነ፣ 0.90 ሲባዛ በ0.80 ስለሚሆን 0.72 ነው። ዕቅዱ በኤከር 6 ፓውንድ ካለ 6ን ለ0.72 ታካፍላላችሁ፤ 8.33 ፓውንድ ከረጢት ዘር ያስፈልጋል። ለ12 ኤከር 100 ፓውንድ መሆኑ ነው። 72 ፓውንድ ገዝቶ የዘራ ሰው ከሩብ በላይ አጉድሏል፣ ሣሩ ሳስቶ ሲወጣም አረም ይቀድመዋል። መለያውን ከከረጢቱ ቀድዳችሁ አስቀምጡ፣ ይጠየቃል።

መደቡ ጠንካራ ይሁን። ማሳው ላይ ቆማችሁ እግራችሁን አንሱ፤ የጫማችሁ ዳና ከግማሽ ኢንች በላይ ከገባ አፈሩ ገና ልል ነው፣ በሚንከባለል መጠቅጠቂያ ይደገም። የአገሬው ሣር ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ጥልቀት ይበቃዋል፤ እንደ ስንዴ አንድ ኢንች ተኩል ከተቀበረ መውጫ ጉልበት የለውም። ባለፈው ዓመት በቆሎ ላይ የተረጨ ፀረ አረም አፈሩ ውስጥ ከርሞ ቡቃያውን ሊገድል ስለሚችል ምን እንደተረጨ ለባለሙያው ንገሩት። በመጀመሪያው ዓመት የምታዩት አረም ነው። ተስፋ ቆርጣችሁ አትገልብጡት፤ የአገሬው ሣር የመጀመሪያ ዓመቱን ሥር በመስደድ ነው የሚያሳልፈው። አረሙን ከ6 እስከ 10 ኢንች ከፍታ ላይ እያጨዳችሁ ብርሃን ስጡት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ራሱን ያሳያል።

ማጨዱ ግን ገደብ አለው። ሣሩ አንዴ ከያዘ በኋላ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ያለ ፈቃድ ማጨድ ክልክል ነው፤ ለምሳሌ አይዋ ውስጥ ከሜይ 15 እስከ ኦገስት 1 ነው። የእናንተን ክፍለ አገር ቀን ከቢሮው ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በድርቅ ጊዜ ድርቆሽ ማጨድ ወይም ማጋጥ ሊፈቀድ ይችላል፣ ፈቃዱ ግን ከማጨዱ ይቅደም።

ከውሉ መውጣት ምን ያስከፍላል? ለስሌት እንዲመች 12 ኤከር በኤከር 180 ዶላር እንበል፤ በዓመት 2,160 ዶላር ነው። አምስት ዓመት ተከፍሏችሁ መሬቱን መልሳችሁ ብታርሱት የተቀበላችሁት 10,800 ዶላር ከነወለዱ ይመለሳል፣ ለተከላው የተሰጣችሁም ይመለሳል፣ በላዩም የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ፣ ማለትም 540 ዶላር፣ ቅጣት ይጨመራል። መሬቱን ብትሸጡም ገዢው ውሉን ካልተረከበ ዕዳው የእናንተ ነው። ስለዚህ የሽያጭ ውሉ ላይ ይህ እንዲገባ አድርጉ፣ ሽያጩን ከመዝጋታችሁ በፊትም ኤፍ.ኤስ.ኤን አሳውቁ።

ክፍያው ግብር አለበት። በዓመቱ መጨረሻ 1099-ጂ የሚባል የገቢ ማሳወቂያ ቅጽ ይላክላችኋል። የሲ.አር.ፒ ኪራይ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ክፍያ ለማይቀበል ሰው በራስ ሥራ ግብርም ይታያል። የእርሻ ሒሳብ የሚያውቅ አካውንታንት ፈልጉ፤ የታክሲና የሱቅ ሒሳብ ብቻ የሚሠራ ሰው ለተከላ የተሰጠን ድጋፍ ከገቢ የሚያስወጣውን ደንብ ላያውቀው ይችላል። የተከፈላችሁ መጠንም ከነስማችሁ ለሕዝብ ክፍት መረጃ ነው። የማሳ ካርታችሁና የእርሻችሁ ዝርዝር ግን በ2008ቱ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ወይም «ይህ ቦታ ረግረግ ነው» የሚል ውሳኔ ቢመጣ ደብዳቤው ላይ የይግባኝ መንገዱ ተጽፏል፤ ጊዜው 30 ቀን ነው። እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ማሳው ላይ ባለሙያ እንዲመጣ መጠየቅ፣ ገበሬዎች ወደመረጡት የካውንቲ ኮሚቴ ወይም ወደ ብሔራዊው የይግባኝ ክፍል መሄድ ይቻላል። በስልክ የተነገረ ቅሬታ ይግባኝ አይባልም፤ በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂ ያዙ። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጽፋችሁ ፖስታውን ከደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።